የድንች ስታርች ፊልም ሲሰነጠቅ፣ ሲጣበቅ፣ ሲሟሟ፦ ችግርና መፍትሄ

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በሌላው የወሎ ከተማ ፌስታል የሚተካ ስስ ፊልም ከስታርች ለመሥራት የምትሞክሩ፣ ይህ ለእናንተ ነው። መነሻው ቀላል ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 5 ግራም የድንች ስታርች፣ 1.5 ግራም ግሊሰሪን (ፊልሙን የሚያለሰልስ ወፍራም ፈሳሽ)። እያማሰሉ ማሞቅ፣ ትሪ ላይ ማፍሰስ፣ ማድረቅ። ፊልሙ ሲበላሽ ብዙ ሰው ወዲያው ልኩን መቀያየር ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ አየሩን እዩ እላለሁ። ስታርችም ግሊሰሪንም እርጥበት ከአየር ይስባሉ። ስለዚህ አንዱ ልክ በጥርና በነሐሴ የተለያየ ፊልም ይሰጣችኋል።

ይሰነጠቃል፣ ይሰባበራል

መቼ እንደተሰነጠቀ ተመልከቱ። ትሪው ላይ እያለ ከሆነ በፍጥነት ደርቋል። ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ መሃሉን ይጎትተዋል። ከፀሐይና ከነፋስ አውጡት፤ ምድጃ ካላችሁ 40 ዲግሪ ይበቃል።

በደህና ተላቆ ሲታጠፍ ከተሰበረ ግሊሰሪን አንሶታል። ከስታርቹ ክብደት 30 በመቶ የነበረውን ወደ 35፣ ካስፈለገም ወደ 40 አሳድጉ። ግሊሰሪን በማንኪያ አይለካም። ከውሃ ይከብዳል፤ 1 ሚሊ ሊትሩ 1.26 ግራም ገደማ ስለሆነ ሚዛን ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ ከሳምንታት በኋላ ከደረቀስ? ስታርቹ የተሠራባቸው ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ተመልሰው እየተደረደሩ ነው። እንጀራም ሲያድር የሚደርቀው በዋናነት በዚሁ ነው። ግሊሰሪን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ፊልሙን በተላቀቀበት ቀን ብቻ ፈትናችሁ «ተሳካ» አትበሉ።

እጅ ላይ ይጣበቃል

ክረምት ከሆነ ግሊሰሪኑን ለመቀነስ አትቸኩሉ። ቁራጩን ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ ጥቂት ሰዓት አቆዩት። መጣበቁን ከተወ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ካልተወ ግሊሰሪኑ በዝቷል፤ ወደ 25 በመቶ አውርዱት።

በበጋ የሠራችሁት ሐምሌን ይችል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ክረምቱን መጠበቅ የለባችሁም። ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨው አድርጉ፣ በትንሽ ውሃ አርጥቡት፤ ሟሙቶ እንዳያልቅ። ፊልሙን ከላይ አንጠልጥላችሁ ክደኑት። ውስጡ ያለው አየር እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ይረጋል። እኔ ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይህን እመክራለሁ።

ነጫጭ ጓል ይታይበታል

ስታርቹ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ውጩ ይበስልና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከፍታውም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የድንች ስታርች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሚያብጥ አይቸግረውም። የበቆሎው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከድኑት፣ በዝግታ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ የተነነውን ውሃ ተኩ።

አረፋ፣ ሻጋታ፣ ከትሪ አለመላቀቅ

አረፋ የሚመጣው ከኃይለኛ ማማሰል ነው፤ ከማፍሰሳችሁ በፊት ትኩስ እንዳለ አሳርፉት። ሻጋታ የዘገየ ድርቀት ነው፤ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ አየር ይዘዋወርበት። ከብረት ትሪ ይልቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም የማይዝ ሽፋን ያለው ይሻላል።

ውሃ ሲነካው ይሟሟል

ይህ የአሠራር ስህተት አይደለም፤ የስታርች ባሕርይ ነው። ብዙዎች ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጨምረው ያፈሉታል። አሲድ ከሙቀት ጋር ረጅም ከቆየ ግን የስታርቹን ሰንሰለት ይቆራርጣል፣ ፊልሙም ይደክማል። የሚሻለው የንብ ሰም ነው። 65 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡትና በደረቀው ፊልም አንድ ገጽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ውሃውን ያዘገያል፣ ጨርሶ አይከለክልም። ለእርጎና ለሥጋ አትሞክሩት። ፊልሙ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዘይትና ኦክስጅን እንዳያልፉ በደንብ ስለሚከለክል፣ የመጀመሪያውን ሙከራ በበርበሬና በሽሮ አድርጉ።