አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ኩባንያውን እንዴት ይመዝኑታል?

ደብረ ብርሃን በግ ገበያ ላይ ጥርሱን ሳያይ፣ ላቱን ሳይጨብጥ በግ የሚገዛ ሰው አላየሁም። ያው ሰው ግን «ባንኩ 22 በመቶ አከፋፈለ» ሲሉት መቶ ሺህ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። እኔም ከዚያው ጎራ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት ገና በምሥረታ ላይ ከነበረ ኩባንያ አክሲዮን ገዝቼ፣ እስከ ዛሬ በእጄ ያለው ደረሰኙ ብቻ ነው።

በቀደም አንድ የሰፈሬ ሰው የባንክ አክሲዮን ልሽጥልህ አለኝ። የአንዱ የገጽ ዋጋ፣ ማለትም ባንኩ መጀመሪያ ሲያወጣው አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ 1,000 ብር ነው፣ እሱ የጠራው 2,400። ባንኩ 22 በመቶ አከፋፍሏልም አለኝ። በዚህ እንሂድ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ያግኙ። የባንኮች በጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ኦዲት የተደረገው ሒሳብ ከወራት በኋላ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ከድረ ገጻቸው ያውርዱት፣ ካልሆነ ቅርንጫፍ ሄደው ይጠይቁ። የአንድ ዓመት አይበቃም፣ የሦስት ዓመት ይሁን። የምርቃት ፎቶውንና የቦርድ ሰብሳቢውን መልእክት ይዝለሉት። በቀጥታ ወደ ኦዲተሩ ደብዳቤ ይሂዱ። እዚያ «ከዚህ በስተቀር ሒሳቡ ትክክል ነው» የሚል ነገር ካለ ሁለቴ ያንብቡት።

አሁን ካልኩሌተር ያውጡ። የባንኩ የተጣራ ትርፍ 1.5 ቢሊዮን ብር፣ የአክሲዮኑ ብዛት 5 ሚሊዮን ነው። ሲካፈል ለአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርሳል። ዓምና ትርፉ 1.25 ቢሊዮን፣ አክሲዮኑ 3.5 ሚሊዮን ነበር፤ ለአንዱ 357 ብር ማለት ነው። አዩት? ሪፖርቱ ሽፋን ላይ «ትርፋችን በ20 በመቶ አደገ» ይላል፣ አልዋሸም። የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ግን ቀንሷል። ባንኮች ካፒታል ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ እንዲህ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ሁሌም በአክሲዮን ብዛት አካፍሉ።

ቀጥሎ ዋጋውን ለዚያ 300 ብር ያካፍሉ። 2,400 ሲካፈል ለ300፣ 8 ይመጣል። ትርፉ ባለበት ቢቆም የከፈሉትን የሚያህል ትርፍ የሚገኘው በ8 ዓመት ነው። «አንዱ ስንት ብር ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይነግርም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አንዱን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ብሎ ሲሸጥ «ርካሽ ነው» የሚሉ ሰምቻለሁ። ከምን አንጻር?

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ትርፍ ድርሻው፣ ማለትም ከትርፉ ለባለአክሲዮን የሚከፋፈለው ገንዘብ ላይ ነው። 22 በመቶ የሚባለው ከገጽ ዋጋው ነው፤ የ1,000 ብር 22 በመቶ 220 ብር። እኔ የምከፍለው ግን 2,400 ነው። 220 ለ2,400 ሲካፈል 9 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም ግብሩ ሳይነሳ። ሰውየው 22 ያለኝ ነገር 9 ሆኖ ቁጭ አለ! ይህን ቁጥር ባንክ ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከሚሰጥዎት ወለድ ጋር ያስተያዩት። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ከ300ው የቀረው 80 ብር አልጠፋም። ባንኮች ሕጋዊ መጠባበቂያው፣ ማለትም በሕግ ግዴታ ሳይከፋፈል የሚቀመጠው ገንዘብ፣ ካፒታላቸውን እስኪያህል ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን ለዚያ ይይዛሉ። እዚያው ባንኩ ውስጥ ይሠራል።

የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ሀብት፣ ማለትም ንብረቱ ሁሉ ዕዳው ተቀንሶ፣ 7.5 ቢሊዮን ነው። ለአክሲዮኑ ሲካፈል 1,500። ስለዚህ ሰውየው ከዚህ በላይ 900 ብር እየጠየቀኝ ነው። ባንኩ ጎበዝ ከሆነ ይህን ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

ጎበዝ መሆኑን የሚያሳየው የተበላሸ ብድሩ፣ ማለትም ተበዳሪዎች በጊዜው ያልመለሱት ብድር መጠን ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጠቅላላው ብድር ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈልጋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ እየጨመረ ከሆነ ትርፉ ቢያምርም አልወደውም። ብድሩ ጥቂት ትልልቅ ተበዳሪዎች ላይ ተከምሮ እንደሆነም ከሒሳቡ ጀርባ ያለውን ማብራሪያ ያንብቡ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የሚገዙት የባንክ ሳይሆን የፋብሪካ አክሲዮን ከሆነ ደግሞ በዱቤ የሸጠውን ሳይሆን በእጁ የገባውን ጥሬ ገንዘብ ይዩ።

አክሲዮን በይፋ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ እየቀለለ ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የተመዘገበ ኩባንያ ሒሳቡን ይፋ ማድረግ ስላለበት ሪፖርት ፍለጋ ደጅ መጥናት ይቀንሳል።

ለሰውየው ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስልቼ አሳየሁትና «በ1,800 ከሆነ እንነጋገር» አልኩት። «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሄደ። እስካሁን አልደወለም።