ቫይረሱ ገብቷል፣ ዘረ መሉ ግን አይሠራም፦ የሌንቲቫይረስ ችግርና መፍትሄ

ሌንቲቫይረስ ዘረ መልን ወደ ሕዋስ ለማስገባት የምንጠቀምበት ቫይረስ ነው፤ ዘረ መሉ መሥራቱን የምናየው ጂኤፍፒ በተባለ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነው።

ማብራት በሳምንት ውስጥ ከጠፋ። ዘረ መሉ ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር አልተዋሐደም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታየው ብርሃን ከቫይረሱ ጋር የመጣ ፕሮቲንና የፕላዝሚድ (ቫይረሱን ለማምረት የምንጠቀምበት ክብ ዲኤንኤ) ትራፊ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱን ከሰጣችሁ ሦስት ቀን ሳይሞላ ውጤት አትመዝግቡ።

ፕላዝሚዱ አጥሮ ከተገኘ። በውስጡ ያለው የቫይረስ ክፍል ሁለት ጫፎች ስለሚመሳሰሉ፣ ፕላዝሚዱን የምናባዛበት ባክቴሪያ መካከሉን ቆርጦ ያወጣዋል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የባክቴሪያ ዝርያ ተጠቀሙ፤ በ30 ዲግሪ አሳድጉት።

ሕዋሶቹ ፑሮማይሲንን (ቫይረሱ ያልገባባቸውን ሕዋሶች ለመግደል የምንሰጠውን መድኃኒት) እየተቋቋሙ ማብራት ካቆሙ። ደጋግሜ የማየው ይህን ነው፤ በተለይ በግንድ ሕዋሶች ላይ። ሁሉም ቫይረሱን ይከሳል። አንዲት ተማሪ ወራት ሙሉ አዲስ ቫይረስ ስታመርት ከርማ መጣች። ከሕዋሶቹ ዲኤንኤ አውጥተን በኪውፒሲአር (የዲኤንኤን መጠን በሚለካ ዘዴ) ስንለካ ቬክተሩ (ቫይረሱ ያስገባው ዲኤንኤ) ሞልቷል፤ የጂኤፍፒ አርኤንኤ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጥፋተኛው ሲኤምቪ የተባለው ፕሮሞተር፣ ማለትም ዘረ መሉን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል ነበር። ሕዋሱ በላዩ ላይ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት እየለጠፈ ይዘጋዋል። ፑሮማይሲንን የሚቋቋመው ዘረ መል ደግሞ ፒጂኬ በተባለ በራሱ ፕሮሞተር ስለሚመራ ሳይነካ ቀጥሏል። መድኃኒቱን ተቋቁሞ መኖር የእናንተ ዘረ መል መሥራቱን አያረጋግጥም!

ለማረጋገጥ ጥቂት ሕዋሶችን ለይታችሁ ለጥቂት ቀናት ሜቲል እንዳይለጠፍ የሚከለክለውን አዛሲቲዲን ስጧቸው። አረንጓዴው ከተመለሰ ምክንያቱ ታወቀ። ይህ ግን ምርመራ እንጂ መፍትሄ አይደለም፤ ሌሎች የተዘጉ ዘረ መሎችንም ስለሚከፍት በእነዚያ ሕዋሶች ሌላ ሙከራ አትሥሩ። አዛሲቲዲን መርዛማ ነው፣ ያለ ጓንት አትንኩት። መፍትሄው ሲኤምቪን ኢኤፍ1 አልፋ በተባለ ሌላ ፕሮሞተር መተካት፣ ከዚያም ዘረ መላችሁንና ፑሮማይሲንን የሚቋቋመውን 2ኤ በተባለ አገናኝ ቅደም ተከተል አያይዞ በአንድ ፕሮሞተር ሥር ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ፕሮሞተሩ የተዘጋበት ሕዋስ በፑሮማይሲን ይሞታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ቶሎ አታቋርጡ። ሲኤምቪ ያለበትን ፕላዝሚድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ለግንድ ሕዋስ የሚያውሉ ሰዎች ያናድዱኛል፤ የሚባክነው የተማሪ ዕድሜ ነው።

በዶክሲሳይክሊን (የቴትራሳይክሊን ዘመድ የሆነ መድኃኒት) ብቻ እንዲከፈት የተሠራ ዘረ መል ያለ እሱ ከተከፈተ። መጀመሪያ ሴረሙን (ለሕዋሶቹ ምግብ የሚጨመረውን የከብት ደም ፈሳሽ) ጠርጥሩ። በቴትራሳይክሊን ከታከሙ ከብቶች የተገኘ ርካሽ ሴረም የመድኃኒቱን ርዝራዥ ይዞ ይመጣል። ከቴትራሳይክሊን ነጻ መሆኑ የተመረመረውን ግዙ። ዶክሲሳይክሊኑን ራሱን ከብርሃን ጠብቁት፤ በሚዲያ (ሕዋሶቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ እየተበላሸ ስለሚሄድ በየ48 ሰዓቱ አድሱት።