የንግድ መከፈት ማንን እንደሚያነሣና ማንን እንደሚጥል እንዴት ይመረመራል?

ስለ ንግድ መከፈት፣ ማለትም አገሪቱ ገበያዋን ለውጭ ዕቃና ለውጭ ነጋዴ ስለመክፈቷ፣ በአዲስ አበባ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ይጠቅማል» እና «ይጎዳል» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ሲመላለስ ይውላል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ሊመረመር ወደሚችል መልክ ማምጣት ለሚፈልግ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ ወይም የማኅበር ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገውም ደብተር፣ የሒሳብ መኪና፣ ከፒያሳ መርካቶ የሚያደርስ እግርና ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ዕቃ ብቻ ይምረጡ። «ኢኮኖሚው» መርካቶ ውስጥ ሱቅ የለውም፤ ጫማ ግን አለው። ጫማን ለመነሻ የምመርጠው በምክንያት ነው። አገሪቱ ቆዳ አላት፣ ጫማ ሠሪዎቹም በመርካቶና በአካባቢው ተሰባስበው ለረጅም ዘመን ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ግድም ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ደንበኛ አጡ፣ አንዳንዶቹም በራቸውን ዘጉ። የቀሩት ግን የውጭውን ሞዴል እያዩ ንድፋቸውን፣ ሶላቸውንና አጨራረሳቸውን አሻሽለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቆዳ ጫማውን ገበያ በሰፊው መልሰው ያዙ። የመከፈት ጉዳትና ጥቅም በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕቃ ላይ እንዲህ ተከታትለው የታዩበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

ቀጥሎ «መከፈት» የሚሉት የትኛውን እርምጃ እንደሆነ በቀን ይወስኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 የዶላር ዋጋ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። ከ1993 ጀምሮ በተከታታይ በተደረጉ ማሻሻያዎች 230 በመቶ የነበረው ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 35 በመቶ ወረደ። በ2024 ደግሞ ለአገር ውስጥ ነጋዴ ብቻ ተከልሎ የነበረው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 29 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እነዚህን በአንድ ከረጢት ውስጥ መክተት የብዙ ጥናታዊ ጽሑፎች ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የቀረጥ መውረድ የውጭውን ጫማ ያረክሳል፣ የብር መውረድ ግን ያስወድደዋል፤ ከውጭ የሚገባውን ሶልና ማጣበቂያ የሚጠቀመውን የአገር ውስጥ ጫማም አብሮ ያስወድደዋል። የአዋጆችና የደንቦች ጽሑፍ አራት ኪሎ ከሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በነጋሪት ጋዜጣ ይገኛል፤ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን የከፈተው ግን መመሪያ ስለሆነ ከሚመለከተው ሚኒስቴር መፈለግ ይኖርብዎታል። የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ ይበሉ፦ የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ የምንዛሪው ለውጥ የሚያርፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ሳይሆን በ2017 በጀት ዓመት ነው። ይህን ሳያስተውሉ «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ማነጻጸር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ሥራ ዋጋውን ማስላት ነው። ወደብ ደርሶ፣ ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 35 በመቶ ቀረጥ ሲጣልበት 1,350 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ተጨማሪ የገቢ ዕቃ ታክስ ሲታከል ወደ 1,708 ብር ይደርሳል። ኤክሳይዝና ሌሎች ክፍያዎችን ለጊዜው እንተዋቸው። ቀረጡ ፈጽሞ ቢነሣ ይኸው ዕቃ 1,265 ብር ይሆናል፤ ማለትም የ35 በመቶ ቀረጥ መነሣት ዋጋውን የሚቀንሰው በ26 በመቶ ገደማ ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት «ቀረጥን ያስቀራል» ሲባል ታክሶቹ ሁሉ አብረው የሚቀሩ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ማስቀመጡ ከዚህ ስሕተት ያድናል።

ከዚያ ስሌቱን ይዘው ሱቆቹን ይዙሩ። 26 በመቶው ሸማቹ ዘንድ ካልደረሰ በመንገድ ላይ የወሰደው አለ፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። አስመጪዎቹ ጥቂት፣ ቸርቻሪዎቹ ብዙ በሆኑበት ዕቃ የቀረጥ ቅናሽ የአስመጪው ትርፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ መከፈቱ በሰዎች መካከል ያለውን የገቢ ልዩነት ያሰፋው በፉክክር ሳይሆን በፉክክር እጦት ነው። በጥያቄ አቀራረብ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ «ትርፍዎ ስንት ነው?» ብሎ መጀመር የግብር ሰው ያስመስላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጥዎት ቁጥርም ለመዝገብ አይሆንም። የደርዘን ዋጋውን፣ የነጠላውን ዋጋና ዕቃው የመጣበትን ጊዜ ከሦስት አራት ሱቅ ይጠይቁ፤ ትርፉን ራስዎ ያገኙታል።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመጣለን፤ ዋናውም ነገር ይህ ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ስቶልፐርና ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1941 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ብዙ ጉልበትና ጥቂት ካፒታል ያለው አገር ንግዱን ሲከፍት የጉልበት ሠራተኛው ደመወዝ መጨመርና ልዩነቱ መጥበብ ነበረበት። ሜክሲኮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ስትከፍት ግን የተማረው ሠራተኛ ደመወዝ ከሌላው ይበልጥ ራቀ። በሕንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ቶፓሎቫ ያደረገችው ጥናት ከ1991 በኋላ ለታሪፍ (የጉምሩክ ቀረጥ) ቅነሳው ይበልጥ በተጋለጡ የገጠር አካባቢዎች ድህነት ከሌሎቹ ቀስ ብሎ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቬትናም በበኩሏ የአሜሪካ ገበያ በ2001 ስምምነት ሲከፈትላት ይበልጥ ተጠቃሚ የሆኑት ክፍለ ሀገሮች ድህነት ፈጥኖ ቀነሰ። እኔ ከእነዚህ የምረዳው ከቀረጡ ልክ ይልቅ በጠፋው ሥራና በተገኘው ሥራ መካከል ያለው ርቀት እንደሚወስን ነው። ሥራ ያጣ ጫማ ሠሪ አዲሱ ሥራ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢሆን፣ የቤት ኪራዩንና የቤተሰቡን ኑሮ በዚያ ደመወዝ ይችለዋል ወይ? ፓርኩም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ ከአጎአ ስትታገድ ከፓርኩ ወደዚያ ይላክ የነበረው ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቆሟል።

የጂኒ መለኪያ፣ ማለትም ከ0 እስከ 1 የሚቆጠረውና ቁጥሩ ከፍ ሲል ልዩነቱ መስፋቱን የሚያሳየው አኃዝ፣ ለዚህ ጥያቄ ብዙ አይረዳም። በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት የአገሪቱ አኃዝ 0.33፣ የከተማው 0.38፣ የገጠሩ 0.28 ነበር፤ እነዚህ የሚለኩት ፍጆታን እንጂ ሀብትን አይደለም፣ ያተረፈው አስመጪና የከሰረው ጫማ ሠሪ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይጠፋሉ።

የመጨረሻው ሥራ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ዛሬ መርካቶ ሄደው የሚያገኟቸው አምራቾች የተረፉት ናቸው፤ የእነሱን ታሪክ ብቻ የሰበሰበ ሰው መከፈት ሁሉን የሚያጠነክር ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን «ከእርስዎ ጋር ይሠሩ የነበሩት አሁን የት ናቸው?» ብለው ይጠይቁ፤ በዕድርና በዕቁብ በኩል ይፈልጓቸው፤ ሲያገኟቸው ዕድሜያቸውን፣ የትምህርት ደረጃቸውን፣ የሥራ ቦታው የግል ወይም የኪራይ መሆኑን፣ ማሽን ለመግዛት ከየት እንደተበደሩ ይመዝግቡ። የተነሣውና የወደቀው በምን እንደሚለያዩ የሚታየው እዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው። አንድ ዙር ብቻ አድርገውም አይዝጉት፦ በብራዚል በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው የታሪፍ ቅነሳ በተጎዱት አካባቢዎች ገቢ ላይ ያሳደረው ጫና ከዐሥር ዓመት ይልቅ በሃያ ዓመቱ ገዝፎ ተገኝቷል። ስለዚህ የሰዎቹን ስልክ በፈቃዳቸው ይያዙ፣ የሚመለሱበትንም ወር ደብተሩ ላይ ይጻፉ።