የገና ዶሮ ወጥ፦ ዋዜማው ሳይደርስ ድካሙን እንዴት መጨረስ ይቻላል

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ኅዳር 15 የተያዘው ጾመ ነቢያት የሚፈታው ሌሊት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው። ታዲያ በብዙ ቤት ዋዜማውን ሙሉ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍና ስታማስል የዋለች እናት ቤተ ክርስቲያን መሄጃ አቅም ያጥራታል። በነጋታው እንግዳ ሲሞላ እሷ እንቅልፍ እያዳፋት ነው። በዓል ለሷም በዓል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ይሄ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው፤ የዶሮ ወጥ ትልቁ ድካም ቁሌቱ ስለሆነ እሱን ቀድሞ መጨረስ ነው።

መጠኑን ለ10 ሰው ያህል እንያዝ። አንድ ዶሮ፣ 12 እንቁላል፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ ከ8 እስከ 10 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ መከለሻ። ሽንኩርቱ በዝቶ ከታያችሁ አትቀንሱት። የወጡ ውፍረት የሚመጣው ከሱ ነው።

ሦስት ቀን ሲቀረው

ገበያው ይለቅ። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠር። ማታ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሽንኩርቱን ይላጥ፤ ወንዶቹም ጭምር። ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ ለአራት ሰው ግን የጨዋታ ሥራ ነው።

ሁለት ቀን ሲቀረው፦ ቁሌቱ

ሽንኩርቱ ድቅቅ ብሎ ይከተፍ። በማሽን የምትከትፉ ከሆነ ማብሪያውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ በየመሃሉ አቁሙት። ጭማቂ ከሆነ ውሃውን ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ይወስድባችኋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ከባድ ድስት ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ውሃውን ጨርሶ መልኩ ወደ ቡኒ እስኪሄድ ማማሰል ነው፤ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሊይዝ ሲል ፍል ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። አሁን እሳቱን ቀንሱ። በርበሬ ካረረ ወጡ ይመራል፣ በምንም አይመለስም። በየመሃሉ ፍል ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ ቢያንስ 40 ደቂቃ አቁላሉት። የጥሬ በርበሬ ሽታው ሲጠፋና ዘይቱ ከድስቱ ዳር ዳር ብቅ ሲል ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ ትንሽ አብስሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የገናን ወጥ የምትሠራ ሰው ጾመኛ ናት፤ ቅቤና ዶሮ የገባበትን መቅመስ አትችልም። ብዙ ቤት ጨው በግምት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቁሌቱ ግን እስካሁን ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ብቻ ስለሆነ የጾም ምግብ ነው። ከጾሙ ሰዓት በኋላ ቅመሱት፣ ጨውና በርበሬውን እዚሁ ጨርሱት። ጨውን በመጠኑ አሳንሱት፤ ነገ ዶሮው በጨው ስለሚታጠብ ይዞት የሚመጣው አለ። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ።

ዋዜማው

ዶሮው በ12 ብልት ይወጣ። ቆዳውና ስቡ ይነሳ፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ። ቁሌቱን አሙቁ፣ ንጥር ቅቤውን ጨምሩ፣ ከዚያ ዶሮውን። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይብሰል። የፈረንጅ ዶሮ ግን ቶሎ ይፈርሳል። እሱን ዘግይታችሁ አስገቡና ሥጋው በደንብ እንደበሰለ አውጡት፤ አለበለዚያ ፈረሰኛውን ከመላላጫው የምትለዩበት ነገር አይኖርም። መጨረሻ ላይ መከለሻ ነስነስ አድርጉ። የተቀቀለው እንቁላል ዙሪያውን በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ይግባ፤ ወጡ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዚያ ነው።

ድፎ ዳቦው በዚሁ ቀን ይጋገራል። ጠጅ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚጣል ስለሆነ አሁን አይደረስበትም፤ ብርዝ ግን ይደርሳል፣ ለማይጠጣም ሰው ክብር ነው። ለልጆች ትንሽ አልጫ አዘጋጁ።

የበዓሉ ዕለት

ከ40 ቀን በላይ ጾም በኋላ ሆድ በቅቤ ይደነግጣል። ተልባ በጥብጣችሁ ቀድማችሁ አቅርቡ፣ ከወጡም ጎን አይብ ይኑር። ዳቦውን በቤቱ ያለ ትልቅ ሰው ይባርክና ይቁረስ። ቡናው እስኪፈላ ጎረቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ካለ ልጅ ልካችሁ አስጠሩት። ቀድሞ መጥራት ይሻላል፣ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው እየቀነሰ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ገና ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ድግሱ ለቅዳሜ ይተላለፋል። ቁሌቱን ከሳምንታት በፊት ሠርታችሁ በትናንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ምንም አይሆንም። እንግዶችም ድግሱን ይከፋፈሉት፦ አንዱ እንጀራውን፣ አንዱ ድፎውን፣ አንዱ አይቡን ይዞ ይምጣ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

የተረፈውን ወጥ ድስቱ ላይ እንዳለ አታሳድሩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ በትናንሽ ሳህን ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይግባ፤ ሲበላም የሚበላው ያህል ብቻ ተቀንሶ በደንብ ይሙቅ።