የእድር ግሩፕ ላላችሁ

ደብረ ማርቆስ ያለው እድራችን ቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተ ወዲህ ጥሩምባው ዝም ብሏል። ደግ ነው፤ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያለው ልጅም እኩል ይሰማል። ባለፈው ግን የጎረቤታችን የቀብር ሰዓት ሌሊት ተለጠፈ። ሲነጋ አበባ ያለበት «እንዴት አደራችሁ» የሚል ፎቶ አሥራ ምናምን ጊዜ ተደራረበበትና አክስቴ ሳታየው ቀረች። ከገበያ ስትመለስ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። «ለእኔ ሳይነገረኝ?» ብላ እስካሁን እንዳኮረፈች ነው፤ እውነቷን ነው።

ስለዚህ አድሚኑ የለቅሶ መልእክቱን ነካ አድርጎ (አይፎን ከሆነ ተጭኖ ይዞ) «ፒን» ያድርገው። ከላይ ስለሚቀመጥ ግሩፑን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ከግሩፑ ማስተካከያ ገብቶ የአባላትን ፎቶና ስቲከር ብቻ መዝጋትም ይቻላል፤ ጽሑፍና ድምፅ ይቀጥላል። የበዓል ቀን መክፈት ነው፣ አለዚያ ሌላ ኩርፊያ ይመጣል።

ዋናው ጉዳይ ግን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት ናቸው። እኛ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፍንና ስማርት ስልክ ያለው ሁሉ ሦስት ሦስት ሰው ተካፈለ። መልእክቱን እንዳየ ይደውልላቸዋል። ሚስኮል አይቆጠርም። ካላነሱ ልጅ ወደ ቤት ይላካል። ለእኔ ከደረሱኝ አንዷ እማማ ሰላምታቸው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የላሟን መውለድ ሳይነግሩኝ አይዘጉም። ካርድ ቀድማችሁ ሙሉ።