“እሱ ካልያዘ አያስይዝም”፦ በፖከር ጠረጴዛ ላይ ስምን ሲጠቀሙ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ፖከር የሚጫወቱት ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እነዚያው ሰዎች ናቸው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሳሎን፣ ስድስት ሰው፣ አንድ ካርታ፣ መሃል ላይ የቆርኪ ክምር። እንዲህ ባለ ቤት ስምህ ካንተ ቀድሞ ይቀመጣል። “እሱ ካልያዘ አያስይዝም” ወይም “እሱ በባዶ እጁ ነው የሚጮኸው” ተብሎ ካለቀ ቆይቷል። ቁጥብ (ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚጫወት) ተብለህ ከታወቅህ ብላፍህ፣ ማለትም ሳትይዝ የያዝክ መስለህ ማስያዝህ፣ ይታመንልሃል፤ ልቅ (በማንኛውም ካርታ የሚጫወት) ተብለህ ከታወቅህ ጥሩ ካርታ ስትይዝ ብዙ ይከፍሉሃል። ሐሳቡ ይኸው ነው። የሚበላሸው ሲተገበር ነው።

እዚህ የምናወራው በቆርኪ ወይም በባቄላ ስለሚደረግ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ድብቅ ካርታ ይሰጣል፤ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ ሦስቱ አብረው (ፍሎፕ)፣ ቀጥሎ አራተኛው፣ በመጨረሻ አምስተኛው፤ በየመሃሉ ሰው ያስይዛል፣ ይከተላል ወይም ካርታውን ይጥላል። በገንዘብ መቆመር ለብዙ የወሎ ቤተሰብ ነውርም ሐራምም ነው። ያለ ገንዘብም ጨዋታው እንዲጠብቅ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ቆርኪ ስጡ፣ ለጨረሰ ሰው ሌላ አትስጡ። የጨረሰው ተነሥቶ ቡና ይቀዳል። በየዙሩ ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ የሚያስገቡትን የግዴታ መነሻ (ብላይንድ) በቡናው አሳድጉት፦ አቦል ላይ 1 እና 2፣ ቶና ላይ 2 እና 4፣ በረካ ላይ 4 እና 8። ቆርኪ እንደ ልብ የሚታፈስበት ቤት ማንም ካርታ አይጥልም፤ ካርታ የሚጥል ከሌለ ደግሞ ስም ምንም አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተካክል ብላፍ ሞክሮ “ፖከር ዕድል ነው” ብሎ ይተወዋል።

ስምህን ከራስህ ግምት መውሰድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፣ ብዙ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። አንተ ራስህን ቁጥብ አድርገህ ታስብ ይሆናል። ሌሎቹ ግን የሚያውቁት ያዩትን ብቻ ነው፤ ያዩት ደግሞ በዚያ ምሽት የደረሰህን ካርታ ነው። ከአምስት ዙር አንዱን ብቻ የሚጫወት ጠንቃቃ ሰው እንኳ አንዳንዴ በተከታታይ አራትና አምስት ጊዜ ጥሩ ካርታ ይደርሰውና ደጋግሞ ያስይዛል። ያን ጊዜ ጠረጴዛው የሚያየው ልቅ ተጫዋች ነው። በተቃራኒው ያው ሰው 10 ዙር ሙሉ ምንም ሳይጫወት የመቆየት ዕድሉ 11 ከመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ሲያስይዝ ሁሉም “ይዟል” ይላል።

ስለዚህ ከማስያዝህ በፊት ሁለት ነገር አስታውስ፦ ባለፉት 10 ዙሮች ስንቱን ተጫወትክ? ካርታህ ተገልጦ የታየው መቼ ነው፣ ምንስ ነበር? ሰው የጣልካቸውን ካርታዎች አያስታውስም። የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የተገለጠውን ነው። 7 እና 2 ይዘህ ስትበላፍ አንድ ጊዜ ከተያዝክ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ መታገሥህ ዋጋ የለውም። ደሴ ላይ ደግሞ ያ ዙር በሚቀጥለው ሳምንትም ይወራል።

ልቅ ለመምሰል ብሎ መጥፎ ካርታ መጫወት

አንዳንዱ ሆን ብሎ 9 እና 4 እየተጫወተ “በኋላ ይከፍሉኛል” ይላል። ሒሳቡ አያወጣም። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይም የተሻለ የሚያገኙት ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ነው፤ በ9 እና 4 ያገኘኸው ጥንድም በትልቅ ካርታ ይበለጣል። ለስሙ የከፈልከውን ለማስመለስ በኋላ አንድ ትልቅ ካርታ መምጣት አለበት፤ የሁለት ኤስ ጥንድ የሚመጣው ደግሞ ከ221 ዙር አንዴ ነው። ስም በነጻ ይመጣል፤ አንተ ደህና ተጫወት፣ የወጣልህን ስም ተቀበልና ተጠቀምበት።

የማያይ ሰው ላይ ስም መጠቀም

በየጠረጴዛው ሁሉን የሚከተል አንድ ታላቅ ሰው አለ። “ጋሼ፣ ይጥላሉ ወይስ ይከተላሉ?” ሲባሉ “እንይዋ!” ብለው ቆርኪያቸውን የሚያስገቡ። እሳቸው ያንተን ስም አይከታተሉም፤ የሚያዩት የራሳቸውን ካርታ ነው። ሦስት ሰዓት የገነባኸው የቁጥብነት ስም እሳቸው ፊት ዜሮ ነው። እሳቸው ላይ ብላፍ አታድርግ፤ ጥሩ ስትይዝ ብቻ ጨምረህ አስይዝ።

ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ መበላፍም ከዚሁ ስህተት ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሰው ካርታውን የመጣል ዕድሉ 60 ከመቶ ቢሆን፣ ሦስቱም አብረው የሚጥሉት 22 ከመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ብላፍ ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት።

ከስምህ ጋር የማይገጥም ብላፍ

አንድ ዙር እንይ። አቦል ላይ ነን፣ ስምህ ቁጥብ ነው። ኤስና ኩዊን ይዘህ 6 ቆርኪ አስያዝክ፤ አንድ ሰው ተከተለህ፣ ሌሎቹ ጣሉ። መሃል 15 ቆርኪ አለ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8 እና 3 ነው፣ ምልክታቸው የተለያየ። አንተ ምንም አላገኘህም፤ ነገር ግን ኪንግ አለው ቢባል ማንም የሚያምነው ሰው አንተ ነህ።

8 አስይዝ። ይህ አዋጭ እንዲሆን እሱ ከ100 ጊዜ 35 ያህሉን ብቻ መጣል አለበት፣ ፍሎፑ ስቶት የሚጥልበት ጊዜ ብቻውን ብዙ ነው። እዚህ ስም ብዙም አላስፈለገህም። ስም ሥራውን የሚሠራው ቀጥሎ ነው። ተከተለህ እንበል፤ መሃል 31 ሆነ። አራተኛው ካርታ 2 ነው። አሁን 18 ስታስይዝ፣ 8 ጥንድ የያዘ ሰው ማሰብ ይጀምራል፦ “ይህ ሰው ሁለት ጊዜ በባዶ አስይዞ አያውቅም።” 37 ከመቶ ያህል ጊዜ ከጣለ አትርፈሃል።

የሚበላሸው መጠኑ ላይ ነው። ኪንግ ቢኖርህ ስንት ታስይዝ ነበር? 8 ከሆነ ብላፉም 8 ይሁን። ሌላ ጊዜ የመሃሉን ግማሽ የሚያስይዝ ሰው ድንገት 15 ቢወረውር፣ ወይም ፍሎፑንና አራተኛውን ካርታ ሳያስይዝ አሳልፎ በመጨረሻው ካርታ ላይ ያለውን ሁሉ ቢገፋ፣ ሰሚው ታሪኩ አልገጠመለትም። ፍጥነትህም እንዲሁ ነው፤ ስትይዝ አምስት ሰከንድ የምታስብ ከሆነ ስትበላፍም አምስት ሰከንድ ቁጠር። እሱ ሁለቴ ከተከተለህና እሱም ቁጥብ ከሆነ ግን ኪንጉ እሱ ጋር ነው፤ አቁም። ለሦስተኛው ብላፍ የቀረህን 68 ሁሉ በ67 ላይ መግፋት ትገደዳለህ፣ ይህም ከግማሽ ጊዜ በላይ ካልሠራ ኪሳራ ነው።

የልቁ ሰው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው፦ ጥሩ ይዞ ትንሽ ማስያዝ። በዚያው 15 ላይ ሦስቱንም ጊዜ ግማሽ ቢያስይዝ 8፣ 15 እና 30፣ በድምሩ 53 ይሰበስባል። ሁለት ሦስተኛ ቢያስይዝ 10፣ 23 እና 54፣ በድምሩ 87። ስሙ ልቅ ከሆነ ሰዎች ሁለተኛውንም ይከፍሉታል። 34ቱን ቆርኪ መተው ያሳዝናል።

ሳይጠየቁ ካርታ ማሳየት

ሌሎቹ ጥለው ካሸነፍክ ካርታህን ሳታሳይ ክተት። “እንዴት ሸወድኳችሁ!” ብሎ ማሳየት ስምህን በነጻ መስጠት ነው።

“አብሽር” ስትባል አለመስማት

ትልቅ ክምር ተሸንፈህ ጠረጴዛው “አብሽር፣ አብሽር” ሲልህ መጽናናት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ተናድደሃል ብሎ ማሰቡን ነው የሰማኸው። ስምህ በዚያች ደቂቃ ተለውጧል። ለቀጣዮቹ 10 ዙሮች ያህል የምታስይዘውን በደካማ ካርታም ይከተሉሃል። አብዛኛው ሰው ልክ ያን ጊዜ በብላፍ ለማስመለስ ይሞክራል፣ የቀረውንም ይጨርሳል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፦ ብላፉን ሙሉ በሙሉ አቁም፣ ኤስና ኪንግ ወይም ትልቅ ጥንድ ስትይዝ ከወትሮው ጨምረህ አስይዝ። ካልመጣ ጣል።

በአፍ መዋሸት

በቆርኪ መዋሸት ጨዋታ ነው። “ወላሂ ኪንግ አለኝ” ብሎ በሐሰት መማል ግን ጨዋታ አይደለም፤ ከጠረጴዛው ሲነሡም አብሮ ይነሣል። በጨዋታም ቢሆን አያዋጣም፦ በመሐላ አንድ ክምር የበላ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም ቢል አይታመንም፣ ዝም ብሎ የሚጫወተው ግን ገና ብዙ ምሽት ይታመናል።

በረካ ላይ እንደ አቦል መጫወት

በረካ ሲደርስ 40 ቆርኪ የቀረው ሰው የ8ቱን ብላይንድ አምስት ጊዜ የሚሸፍን ብቻ ነው ያለው። እሱ የሚያስበው ስለ ስምህ አይደለም፤ ትንሽ ከተሻለለት ያለውን ሁሉ ይገፋል፣ ስታስይዝበትም የሚያጣው ጥቂት ስለሆነ ይከተላል። የቁጥብ ስምህን አቦልና ቶና ላይ፣ ሁሉም ሰው የሚያጣው ቆርኪ ሳለው ተጠቀምበት። በረካ ላይ ብላፍ ቢያስፈልግህ እንኳ ክምሩ መካከለኛ የሆነውን ሰው ምረጥ፤ እሱ ከጨዋታው መውጣት ይፈራል።

አዲስ ሰው ሲመጣ መርሳት

ቅዳሜ ከኮምቦልቻ አንድ ሰው መጥቶ ይቀመጣል። ለሌሎቹ አምስቱ የምትታወቅ ነህ፣ ለእሱ ግን ስም የለህም፤ ያንተ የወራት ትዕግሥት ለእሱ አልተደረገም። ካርታህ አንድ ሁለቴ ተገልጦ እስኪያይ ድረስ ከእሱ ጋር በካርታህ ብቻ ተጫወት። ቡና ሲቀዳ ጎረቤቱ “እሱን ተጠንቀቀው፣ ካልያዘ አያስይዝም” ብሎ ሲነግረው ከሰማህ ግን መጠበቅህን አቁም፤ ስምህ ደርሶታል።