የድመት ቁንጫ መድኃኒት፦ ድመቷን ራሷን የሚጥሉ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ድመት ለጌጥ አትያዝም። ጎታው ውስጥ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ አለ፤ እህል ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ትፈለጋለች። ቀን ጎተራ ስር ትውላለች፣ ማታ ምድጃ ዳር፣ ሲበርድ ደግሞ ከልጆች ጋር ጋቢ ውስጥ ትገባለች። እሷ የገባችበት ሁሉ ቁንጫዋም ይገባል። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድርና ጠዋት «ዛሬስ አንድ ነገር አደርግባታለሁ» ብሎ ይነሳል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ያ «አንድ ነገር» ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የተገኘ፣ ለሌላ እንስሳ ወይም ለሌላ ጉዳይ የተገዛ መድኃኒት ነውና።

ወደ ስህተቶቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ድመት ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው። ጀርባዋ ላይ ያፈሰሳችሁት ነገር ሳይመሽ ሆዷ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውና ውሻ ብዙ ኬሚካል የሚያስወግዱበት ግሉኩሮኒዴሽን የሚባል የጉበት ሥራ ድመት ላይ በጣም ደካማ ነው። ውሻ ምንም ሳይመስለው የሚያልፈው ነገር እሷን ይጥላታል። ከዚህ በታች የምታነቡት አብዛኛው ነገር መነሻው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

«ለበግ ከሆነ ለድመትማ ምን አላት»

በገበያ ቀን የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ብትቆሙ ይህን ንግግር አታጡትም።

«የኔ ልጅ፣ ለድመት ቁንጫ የሚሆን አለህ?»

«ይሄውልዎ እናቴ፣ ለበግ የምንሰጠው ነው። ለሷ ትንሽ ጠብ ያድርጉላት።»

የ«ትንሽ ጠብ» ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ጠርሙሱ ዲያዚኖን ሊሆን ይችላል፤ 60% የሆነ፣ ለመዥገርና ለቅማል በብዙ ውሃ ተበጥብጦ በግና ከብት ላይ የሚረጭ። ይህ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የተባይ መርዝ ወገን ነው፣ ድመት ደግሞ ለዚህ ወገን በጣም ስስ ናት። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ጨለማ ቤት ውስጥ እንኳ የዓይኗ ብሌን ክር አክሎ ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጡንቻዋ ይርገበገባል። «በውሃ አቅጥኜዋለሁ» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም፤ በዓይን ግምት በጣሳ የተበጠበጠ ነገር ምን ያህል እንደቀጠነ ማንም አያውቅም።

ለነቀዝ ተብሎ ጎታ ውስጥ የሚነሰነሰው የማላታዮን ዱቄትም ዘመዱ ነው። ዱቄት ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ጸጉሯ ላይ ተነስንሶ ስትልሰው ግን ያው ነው።

ሌላው አይቨርሜክቲን የሚባለው የከብት ጥገኛ ተባይ መድኃኒት ነው። የከብቱ መርፌ 1% ነው፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። ለከብት 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ይሰጣል። በዚሁ ሒሳብ 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት የሚደርሳት 0.06 ሚሊ ሊትር ነው፤ በተለመደው ሲሪንጅ ለክታችሁ የምታወጡት መጠን አይደለም። «ግማሽ ሲሲ ብቻ ወጋኋት» ያለ ሰው ከስምንት እጥፍ በላይ ሰጥቷታል ማለት ነው። መጠኑ ሲበዛ ድመቷ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፣ ዓይኗ ማየት ሊያቆም ይችላል፣ ባስ ሲልም ራሷን ስታ ትተኛለች። የሚያናድደው ደግሞ አይቨርሜክቲን ቁንጫ ላይ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ለምን ብላ ነው የምትቀበለው?

ወደ አባይ ሸለቆ ወረድ ስትሉ ለገንዲ ዝንብ ከብት ጀርባ ላይ የሚፈስ ዴልታሜትሪን አለ። ለመዥገር የሚረጭ አሚትራዝም አለ። ሁለቱም ለድመት አይሆኑም። አለቀ።

የውሻውን ለድመት ማካፈል

በዓለም ዙሪያ ድመቶችን ከሚጎዱ የቁንጫ መድኃኒት ስህተቶች ዋነኛው ይሄ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ውሻም ድመትም ያለው ቤት ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የውሻ ጠብታ ይዞ ይመጣለታል። ትንሿ የፕላስቲክ ብልቃጥ ታምራለች፣ ውሻው ላይ ስትሠራ ታይቷል፣ የቀረችው ትንሽ ለድመቷ ትደረጋለች።

ብዙ የውሻ ጠብታዎች ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ አለባቸው፤ መጠኑም ከ45 እስከ 65% የሚደርስ አለ። ለድመት ጥቂቱ ይበቃታል። መጀመሪያ የምታዩት ነገር ተራ ይመስላል፦ ጆሮዋ ዝንብ ያረፈበት ያህል እርግፍ እርግፍ ይላል፣ የፊት እግሯን ውሃ የረገጠች ይመስል ታራግፋለች፣ የጀርባዋ ቆዳ ይሸበሸባል። ልጆች ይስቃሉ። ከዚያ መንቀጥቀጡ መላ ሰውነቷን ይይዛል፣ ትንፈራገጣለች፣ ትኩሳቷም ይንራል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ግን ቀን፣ አልፎ አልፎም እስከ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «ትናንት ነው ያደረግኩላት፣ ከሱ አይደለም» አይባልም።

ካርቶኑ ላይ ፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን ወይም ዴልታሜትሪን የሚል ካያችሁና ለድመት ነው ብሎ በግልጽ ካልጻፈ መልሱት። የውሻ ሥዕል ብቻ ካለበትም እንዲሁ። ውሻው ራሱ በዚህ መድኃኒት ከታከመ፣ ጠብታው እስኪደርቅ ድመቷ አጠገቡ አትተኛ፣ ጀርባውንም አትላሰው። ለሦስት ቀን ቢለያዩ ይሻላል። እርግጥ ነው ግቢ ለግቢ የሚዞሩ እንስሳትን መለያየት ቀላል አይደለም፤ እንደዛ ከሆነ ለውሻውም ፐርሜትሪን የሌለበትን መምረጥ ነው።

ኪሎዋን በዓይን መገመት

ለድመት የተሠራውም ቢሆን በኪሎ ነው የሚሰጠው። የሰው ሚዛን ላይ ድመቷን አቅፋችሁ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፣ ቀንሱት። ማጅራቷ ላይ ጸጉሩን ከፈል አድርጋችሁ ቆዳው ላይ ጠብ አድርጉት፤ ምላሷ የማይደርስበት ቦታ እሱ ነው። ጀርባዋ መሀል ላይ ካፈሰሳችሁት አጠጣችኋት ማለት ነው።

ነጭ ጋዝ፣ ትምባሆ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት

«ኬሚካል ነው» ብሎ መድኃኒቱን የሸሸ ሰው ወደነዚህ ይዞራል። የአያቶቻችንን መላ አልንቅም፣ ግራዋም እንዶድም ብዙ ቤት አገልግለዋል። ግን ነጭ ጋዝ መላ አይደለም። ቆዳዋን ያቃጥለዋል፣ ስትልሰው ደግሞ ጥቂቱ ወደ ሳንባዋ ይገባና ሳንባዋን ያቆስላል። ነጭ ጋዝ የላሰችን ድመት በግድ ማስመለስም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሲመለስም በዚያው ወደ ሳንባ ይገባል።

የትምባሆ ቅጠል ዝፍዝፍ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ራሱ መርዝ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትና ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ ዘይትም ለድመት ጉበት የሚመቹ አይደሉም፤ ሽታቸው ደስ ስለሚል ነው ሰው የሚታለልባቸው። ነጭ ሽንኩርት ምግቧ ላይ መቀላቀል የሚመክሩም አሉ፣ ደሟ ሲሸት ቁንጫ ይሸሻል በሚል። ቁንጫው አይሸሽም፣ ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ቁንጫ ደሟን የመጠጠባት ድመት ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት። ልኳላት ብሎ ዓይን ማጥፋት ነው።

ለበረሮ የሚነፋውን ፍሊት ጸጉሯ ላይ መንፋት ሳይባል ቢቀር እመርጥ ነበር፣ ግን የሚያደርጉ ስላሉ፦ አታድርጉት።

ግልገሎቹን እንደ እናታቸው ማከም

ስምንት ሳምንት ያልሞላት ግልገል ላይ ብዙዎቹ መድኃኒቶች አይፈቀዱም፤ ካርቶኑ ላይ ዕድሜና ኪሎ ተጽፏል፣ አንብቡት። በሌላ በኩል «ገና ትንሽ ናት» ብሎ መተውም ልክ አይደለም። ትንሽ ግልገል ላይ ቁንጫ ሲበዛ ደሟን ጨርሶ ሊገድላት ይችላል። ድዷን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ካለ ጊዜ የለም።

ለነሱ የሚሆነው የእጅ ሥራ ነው። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ሚዶ ውሰዱ፣ ከአንገቷ ጀምራችሁ ወደ ጅራቷ አበጥሩ፣ ሚዶው ላይ የተያዘውን ቁንጫ የሳሙና ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ንከሩት። ሳሙና ያለበት ውሃ ላይ ቁንጫ መንሳፈፍ አይችልም፣ ይሰምጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት ግልገል ማጠብ ግን ብርዱ ራሱ ይገድላታል፤ የግድ ካጠባችሁም ለብ ባለ ውሃ ይሁን፣ ቶሎም ጸጉሯን በፎጣ አድርቁ፣ ሙቀት ዳር አስቀምጧት።

«አልሠራም» ብሎ በማግስቱ መድገም

መድኃኒቱ ከተደረገ በኋላ ቁንጫው የበዛ ሊመስል ይችላል። ሊሞት የተቃረበው ቁንጫ ይቅበጠበጥና ከጸጉር ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ዛሬ ያያችሁት ትናንትም ነበረ። በዚህ ተደናግጦ ሁለተኛ ጠብታ መጨመር፣ ከዚያ ደግሞ ማጠብ፣ ከዚያ ዱቄት መነስነስ… ብዙ መመረዝ የሚመጣው ከዚህ መደራረብ ነው።

ዋናው ቁንጫ ያለው ደግሞ ድመቷ ላይ አይደለም። እንቁላሉ ከጸጉሯ እየተራገፈ የአፈር ወለል ውስጥ፣ መደብ ስር፣ አጎዛና ሰሌን ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትልም እዚያው ነው የሚያድገው፤ ሙሽሬ በሚባለው ሽፋን ውስጥ ሆኖም ሳምንታትና ወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ አጎዛውንና ጋቢውን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉ፣ የሚታጠበውን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን ሳይቀር ደጋግማችሁ ጥረጉ፣ ጥራጊውንም አቃጥሉ። ይህ ካልተደረገ ድመቷን በወር አሥር ጊዜ ብትቀቧት ለውጥ የለውም።

ቀላሉንና ከባዱን አለመለየት

ለድመት የተሠራ መድኃኒትም ትንሽ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ለምሳሌ ፊፕሮኒል የሚባለውን የድመት ጠብታ ስትልሰው ይመራታል፣ ለጥቂት ደቂቃዎች አረፋ ትደፍቃለች፤ ውሃ አቅርቡላት፣ ያልፋል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ጸጉር ሊያጣብቅ፣ ሊያሳክካት ወይም ጥቂት ጸጉር ሊረግፍ ይችላል። ቆዳው ከቀላ ወይም ከቆሰለ ሐኪም ይየው። መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ መንፈራገጥ፣ የማያቋርጥ ለሃጭ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ነገር አለ። አረፋ የደፈቀች፣ የምትንቀጠቀጥ ድመት ሲያይ ጎረቤት «አብዳለች» ይልና ድንጋይ ያነሳል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ እውነተኛ አደጋ ነው፣ ስለዚህ እጃችሁን ወደ አፏ አታስጠጉ፣ ልጆችንም አርቁ። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና ውሃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ግን ከድንጋዩ በፊት «ሰሞኑን ምን ቀባችኋት?» ብሎ መጠየቅም አለ።

ወተት መጋት፣ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ

መርዝ ሲባል ሰው ወተት ይዞ ይሮጣል። የምትንቀጠቀጥ ድመት በትክክል መዋጥ አትችልም፤ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በአፏ ምንም አትስጡ።

መድኃኒቱ ቆዳዋ ላይ ከሆነና ገና እየተንፈራገጠች ካልሆነ እጃችሁ ላይ ጓንት፣ ከሌለም ፌስታል አጥልቁና ለብ ባለ ውሃ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቧት፣ አለቅልቁና ድገሙ። ሙቅ ውሃ የቆዳዋን የደም ሥር ከፍቶ መርዙን ያስገባዋል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ሰውነቷን አቀዝቅዞ መንቀጥቀጡን ያራዝመዋል። አድርቋት፣ በጨርቅ ጠቅልሏትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። እየተንፈራገጠች ከሆነ ማጠቡን ተዉት፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ።

ባዶ እጅ መሄድ

የወረዳ ክሊኒክ ሐኪም ቀኑን ሙሉ በሬና በግ ሲያክም የሚውል ሰው ነው፣ የተመረዘች ድመት በየቀኑ አትመጣለትም። ስለዚህ «መድኃኒት ቀብተናት ነው» ብቻ አትበሉት። ከዲያዚኖን ወገን ከሆነ አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ሊያድናት ይችላል፤ ፐርሜትሪን ከሆነ ግን አትሮፒን አይፈይድላትም፣ የሚያስፈልጋት መንፈራገጡን የሚያስታግስ እንደ ዲያዜፓም ያለ ነገር፣ ከተገኘም ሜቶካርባሞል የሚባለው የጡንቻ ማፍታቻ ነው። ሁለቱም ያንቀጠቅጣሉ፣ ከላይ አይቶ መለየት ከባድ ነው። ጠርሙሱን ወይም ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። ተጥሎ ከሆነ ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጋችሁ አውጡት፤ በላስቲክ ቀድተው የሸጡላችሁ ከሆነ ከክሊኒኩ በር ላይ ሆናችሁ ለሻጩ ደውሉና ስሙን ለሐኪሙ ራሱ ይንገረው። በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ የት ቦታ እንዳደረጋችሁላትም ሳትደብቁ ንገሩት።